ሁለት ነጥብ

ታፔላ ጻፊ ነኝ። የሱቅ ስም በብሩሽ ስጽፍ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ካላደረግኩ ሥራው ያለቀ አይመስለኝም። ደንበኞቼ «ኧረ ተወው፣ ዘንድሮ ማን ነጥብ ያደርጋል?» ይሉኛል። አባቴ ያስተማረኝን እንዴት ልተው! በዚህ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ «ሁለት ነጥብ» እያለ ይጠራኛል። ባለቤቴም ስትናደድ እንደዚያው ነው የምትለኝ።

ባለቤቴ መጋረጃ ትሰፋለች። ስትጨርስ ትሰቅለውና አጠገቡ ቆማ ፎቶ ትነሳለች፤ ከዚያ ገጿ ላይ ትለጥፈዋለች። ያኔ ጉድ ይፈላል! አንድ ሰው ስለ መጋረጃው ከጠየቀ አሥሩ «ሰላም ቆንጆ»፣ «ውዴ ስልክሽን ላኪልኝ»፣ «ባል አለሽ እንዴ?» ነው። እሷም ጠዋት ጠዋት፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት፣ ከጨርቅ ላይ ክር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ትሰርዛቸዋለች።

«ይኸው፣ እየው» ትለኛለች ስልኳን እየሰጠችኝ። «አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ ትላለች እንዴ! እኔ እዚህ እርር ድብን እላለሁ። ፎቶ ስትነሳ ፈገግ ባትልስ ምን ይጎድልባታል? አንዱን ስትሰርዝ ጣቷ ትንሽ የዘገየ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ያንን ጣት ሳስብ ዋልኩ። ስብሰለሰል ውዬ «ዳቦ፡ቤት» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ «ውዴ፡ቤት» ብዬ አረፍኩት። ባለ ዳቦ ቤቱ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩና በሐሰት ስም ገጽ ከፈትኩ። ፎቶ በሚደረግበት ቦታ የማላውቀውን ሰው መኪና አደረግኩበት። ከዚያ የሱቄን በር ዘግቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«ዓይንሽን፡ካየሁ፡ወዲህ፡እጄ፡ሥራ፡እምቢ፡አለኝ። ስትስቂ፡ግራ፡ጉንጭሽ፡ሲሰረጉድ፡የማወራው፡ይጠፋኛል። እንደ፡አንቺ፡የሚያምር፡ሰው፡አላየሁም።»

ሁለት ቀን ዝም አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። እንዲህ አሳምሬ ጽፌ! በሦስተኛው ቀን ግን መለሰች፦ «ነገ ስድስት ሰዓት፣ መናፈሻው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት እንገናኝ።»

ደሜ ፈላ። ያንን ባለ መኪና ባገኘው አንቄ እገለው ነበር። ራሴ መሆኔን ረስቼዋለሁ እኮ!

በማግስቱ ልይዛት ሄድኩ። ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ሁለት ሻይ አለ። ለሠርግ ካልሆነ የማታወጣውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳዋለች።

«ለማን ብለሽ ነው የለበስሽው?» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞር አለ።

«ተቀመጥ፣ ሁለት ነጥብ» አለችኝ። ረጋ ብላ ስልኳን ወደ እኔ ገፋችው። «ከዚህ ሁሉ ወንድ ነጥብ የሚያደርግ አንተ ብቻ ነህ። ገና ሳየው ነው ያወቅኩህ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ትንሽ ልፈትንሽ ብዬ እኮ ነው…»

«ቆይ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ለኔ ለሚስትህ የጻፍክልኝን ላንብብልህ» አለችና ስልኳን መልሳ ወስዳ ማንበብ ጀመረች። «‹ዳቦ፡ያዢ።› ‹ቁልፉ፡የት፡ነው?› ‹እዘገያለሁ።› ሌላ የለም። በሰው ስም ሲሆን ግን ዓይኔም ታየህ፣ ጉንጬም ታየህ። ሁለት ቀን በቅናት ተቃጠልኩ። በማን እንደቀናሁ ታውቃለህ? ያ ሁሉ በተጻፈላት ሴትዮ፣ በራሴ!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ቀሚሱን የለበስኩት ያንን የጻፈው ባሌ ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ግን ፖሊስ ነው።»

መልእክቱን ዓይኔ እያየ ሰረዘችው። ሻይዋን ሳትነካ ተነስታ ሄደች። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ሱቄ ተመልሼ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም፣ ያንኑ ደግሜ ጻፍኩላት። ነጥቦቹንም አንድ በአንድ አደረግኩ። እቤት ስገባ ስለሱ ምንም አላለችም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት፣ እንደ ወትሮዋ የማታውቃቸውን ስትሰርዝ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ሰረዘች፣ ሰረዘች፣ የእኔ መልእክት ጋ ደረሰች። ጣቷ ዘገየ። አልከፈተችውም፤ አልሰረዘችውምም።