ማለዳ የተተከለ ድንኳን

ድንኳኑ ከነካስማው ከአንዲት ቄብ ዶሮ አይከብድም ነበር። ጓደኛዬ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ "ያዘው እስቲ" አለኝ። እጄ ክብደት ጠብቆ ስለነበር ስይዘው ወደ ላይ ዘለለ። ከድንኳኑ ጋር በትንፋሽ የሚነፋ ፍራሽ ነበረ፤ ሲጠቀለል አንድ የውኃ ጠርሙስ ያክላል። የወፍ ላባ የተሞላ፣ ሰው ገብቶበት የሚተኛ ስሊፒንግ ባግም ነበረ፤ ሲጨመቅ ቅል ያክላል፣ ሲለቀቅ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሁሉም በብስክሌቱ መሪና ከኮርቻው ሥር በሚታሰሩ ቦርሳዎች ውስጥ ይገባል። ጓደኛዬ ቱሪስት በሞላበት ዘመን ወደ ስሜን ተራሮች እንግዳ እየመራ የኖረ ሰው ነው። ዕቃውን የላከው አገራችንን በብስክሌት ሊያቋርጥ ያሰበ ፈረንጅ ነበር፤ ዕቃው ቀድሞ ደረሰ፣ መንገዱ ሲከፋ ባለቤቱ ቀረ። በኋላም "እናንተ ተጠቀሙበት" ብሎ ላከበት።

እኔ ዕቃ የሚያስጎመጀኝ ሰው አይደለሁም። ጎንደር ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር እሰነብትና፣ ቅዳሜ ሲሆን በብስክሌት ወደ አዘዞና ጠዳ ወረድ ብዬ እመለሳለሁ፤ በቃ። ስለ ብስክሌት ዕቃ ሲያወሩ የሚውሉ ሰዎች ያሰለቹኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የእነሱ አለቃ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ የጣለ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አፌን ዘግቼ ሰማሁት። ወንድሜ ከጠፋብን ሰንብቷል።

ታናሽ ወንድሜ ከስሜን ተራሮች ማዶ፣ መካነ ብርሃን አስተማሪ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስልክ ተቋረጠ፤ ቀጥሎ መኪና ቆመ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ አገር የሚደርሰን ወሬ ብቻ ሆነ። አንዱ "ደህና ናቸው" ይላል፣ ሌላው ከንፈሩን ይመጣል። እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ማታ ማታ "ደውልለት" ትለኛለች። እደውላለሁ፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ በማይለወጥ ድምፅዋ ማግኘት እንደማንችል ትነግረናለች። እናቴ ሴትዮዋን ክፉኛ ጠላቻት። "ምን በድያት ነው?" ትላለች። እሷ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ በሕይወት መኖሩን ማወቅ። እኔም የምፈልገው ያንኑ ነው፤ ግን ወንድ ልጅ ነኝና ሥራዬን እየሠራሁ እንደማያስጨንቀኝ ሆንኩ። ያስጨንቀኝ ነበር። የበሽተኛ ናሙና ላይ ስም እየጻፍኩ እጄ የእሱን ስም ጽፎ ያገኘሁበት ቀን አለ።

መኪና በማይሄድበት መንገድ እግረኛና በቅሎ ይሄዳል፤ ብስክሌትም ይሄዳል። የቸገረኝ ማደሪያው ነበር። በዚህ ጊዜ ሰው ደጅ ቆሞ "የመሸብኝ እንግዳ ነኝ" ማለት ለሚያድረውም ለሚያሳድረውም ጭንቅ ነው። ቤቱን እንደ ኤሊ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ማንንም አያስቸግርም ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ አብሮኝ ሊሄድ ተስማማ፤ ሁለት የብስክሌት ወዳጆቹም "እኛም አንቀርም" አሉ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት በሩ ላይ ትተኛ ነበር እንጂ አትለቀኝም።

"አዲስ ዕቃ ሳይሞክሩ ቧሂት ተራራ ላይ መውጣት ሞኝነት ነው" አለ ጓደኛዬ። "ግቢህ ውስጥ ተክለን እንየው።" እናቴ ጎህ ሲቀድ ኪዳን ትሄዳለች፤ ፀሐይ ሳይሞቅ አትመለስም። ስለዚህ ማለዳ እንዲመጡ ነገርኳቸው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የጥቅምት ብርድ ነበርና ሦስቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ጎረቤት እንዳይሰማ እያንሾካሾክን ድንኳኑን ግቢው መሐል ተከልነው። ያንሾካሾከ ሰው ይበልጥ ይሰማል መሰለኝ፣ የእድራችን ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ ጎረቤቴ በራፉን ገፋ አድርገው ገቡ።

"ይህ ደሞ ምንድር ነው? የዶሮ ቤት ነው?" አሉ።

"ቀስ ይበሉ፣ አያ" አልኳቸው። "በኋላ እነግርዎታለሁ።"

እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የድንኳኑን ዘንግ መዳሰስ ጀመሩ። እናቴ የገባችው ይህን ጊዜ ነው። ቄሱ አሟቸው ኪዳኑ ቶሎ አልቆ ኖሯል። በሩ ላይ ቆመች። አምስታችን በአንድ ጊዜ ዝም አልን።

አሁን ሳስበው፣ ያየችው ነገር ምን እንደሚመስል ገና በእሷ ዓይን ሳላየው አፌ ቀደመኝ። ማለዳ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የተከናነቡ ወንዶች ከእድሩ ዳኛ ጋር ቆመው ሲያንሾካሹኩ ነበር፤ እሷን ሲያዩ ደግሞ መሬት መሬት ያያሉ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነው፤ ማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ቀስ ተብሎ። እኔም መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚላትን ቃል አልኳት።

"እማ፣ አይዞሽ፣ ምንም አይደለም።"

"ወየው ልጄን!" አለችና እዚያው በራፉ ላይ ወደቀች።

ድምፅዋን የሰማ ሰፈር ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ የማንን ሞት እንደሚያለቅሱ ሳይጠይቁ እያለቀሱ ገቡ። አያም ዘንጉን ለቀው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና "ምነው፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?" ብለው ተቆጡኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። እናቴ ግን የወንድሜን የልጅነት ስም እየጠራች፣ ትኩሳት ይዞት ያደረበትን ሌሊት፣ ፊደል የቆጠረበትን ደብር እየጠቀሰች ደረቷን ትመታለች። ሳነሣት እጄን ትገፋዋለች። ደሜ ፈላ።

"አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። "ማነው ሞተ ያላችሁ? ዝም በሉ!"

ለቅሶው ቆመ። እናቴ ከመሬት ሳትነሣ ቀና ብላ አየችኝ።

"አልሞተም?"

"አልሞተም።"

"ማን ነገረህ?"

ማንም አልነገረኝም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። አንድ ቃል ብዋሽ ይበቃ ነበር፤ ያን ቃል ግን አጣሁት። ወንድሜ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል እኔም አምኜ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጓደኛዬ ነው ቀስ ብሎ ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ መንገዱ የነገራቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አቀኑ። አንዷ "ሟርቱን ከኛ ያርቅ" ብላ አማተበች። ግን ለለቅሶ የገባ ሰው ሳይቀመጥ አይወጣምና ሁሉም ተቀመጡ። ድንኳኑን ሲያዩ አረፈዱ።

ሁለቱ ብስክሌተኞች "አስቀድሞ የተለቀሰበት መንገድ አይወጣም" ብለው ቀሩ። በማግስቱ እናቴ አትሂድም ሂድም አላለችኝም። በሶ አዘጋጅታ በላስቲክ ቋጥራ፣ ዕቃው በሙሉ ተደምሮ የማይደርስበት ክብደት ያለው ቋጠሮ እጄ ላይ አስቀመጠች። የጥርስ ብሩሹን የቆረጠው ጓደኛዬ ትንፍሽ ሳይል ብስክሌቱ ላይ አሰረው።

እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው። በየኬላው ቦርሳችን ተፈታ፤ ስሊፒንግ ባጉ ሲለቀቅ እየተነፋ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ከደባርቅ በላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ዳገቱን አብዛኛውን ብስክሌቱን እየገፋን ወጣነው። ጅባራ በበዛበት ሜዳ ላይ ድንኳን ስንተክል ከብቱን ወደ ቤት የሚነዳ ገበሬ ቆሞ አየንና "ምነው? አገሩ ሰው የለበትም?" አለን። "ደጅ የሚያድር አውሬ ነው" ብሎን ሄደ። ቃሉ ከብርዱ ይበልጥ ዘለቀኝ። ቤቴን ይዤ መምጣቴ ማንንም እንዳያስቸግር ነበር፤ ለካ ሰውየው የተቀየመው ስላላስቸገርነው ነው።

ዕቃው ግን ዕቃ ነው፤ ሊታማ አይገባውም። ውጭ የጠርሙሱ ውኃ በረዶ ሆኖ እያለ እኔ ሞቆኝ ነበር። ሙቀቱ ግን እንቅልፍ አላመጣልኝም። ነገ የምሰማውን እየፈራሁ ተገላበጥኩ፤ በተገላበጥኩ ቁጥር ፍራሹ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ጓደኛዬም "ተኛ እንጂ" ይለኛል። ቧሂትን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ብስክሌቱ በራሱ ይሮጥ ነበር፤ እኔ ነኝ ፍሬኑን የያዝኩ። የዘገየሁበትን ምክንያት ጓደኛዬ አልጠየቀኝም።

ወንድሜን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ከስቷል፣ እጁ ጠመኔ በጠመኔ ነው። ብስክሌቴን ጣልኩና ወደ እሱ ሮጥኩ። እሱ ግን አልሮጠም። አቧራ የለበሰ ወንድሙን ሳይታሰብ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለና ግንቡን ተደገፈ።

"እማ ናት?" አለኝ። "ንገረኝ፣ እማ ናት አይደል?"

"ደህና ናት፤ አንተ ነህ የሞትክ!" አልኩትና ትከሻውን በጡጫ መታሁት። ከዚያ አቅፌው አለቀስኩ፤ ተማሪዎቹ በመስኮት ያዩናል።

አብሮን እንዲመለስ ለመንኩት። ተማሪዎቹን ጥሎ እንደማይሄድ ነገረኝ። ተናደድኩበት፤ ግን ብስክሌትም ትርፍ አልነበረንም። ድምፁን ለእማ በስልኬ ቀዳሁላት። መጀመሪያ እንደ ዜና አንባቢ ተገትሮ "እናቴ ሆይ፣ ደህና ነኝ" አለ። "እንደ ሰው ተናገር" ስለው ሳቀና፣ ሰማያዊ ሹራቡን ለማንም እንዳትሰጥበት አደራ አላት።

ጎንደር የገባነው በምሳ ሰዓት ነው፤ ጓደኛዬ ወደ ቤቱ ታጠፈ። እናቴ በራፉ ላይ ነበረች። ከኋላዬ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ አንገቷን አስግጋ አየች። ማንም አልነበረም።

"አለ፣ እማ። አየሁት፣ ደህና ነው።"

ፊቴን መረመረች። ስልኬን አወጣሁ። "ድምፁን ይዤልሽ መጣሁ፣ ስሚው።"

እጄን ወደ ጎን አደረገችው። "ድምፅማ ሙትም አለው" አለች።

ቤት ገባን። ጎረቤታችን እዚያው ነበረች፤ ሠርታ ያመጣችላት ሽሮ ሳይነካ መሶቡ ላይ ተቀምጧል። "ከሄድክ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም" ብላ በጆሮዬ ነገረችኝና ወጣች። እናቴን አየኋት፤ ሁለት ክንዷ ደርቆ ቀርቷል።

"እማ፣ እባክሽ መጀመሪያ እህል ቅመሽ፤ ከዚያ ሁሉንም እነግርሻለሁ።"

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ፊቷ ተለወጠ። ቁጭ አለች።

"አባትህ የሞተ ዕለትም 'መጀመሪያ እህል ቅመሽ' ነበር ያላችሁኝ" አለች። "እኔን አበላችሁኝ። ከእናንተ ግን አንድ ሰው አልቀመሰም። ያን ጊዜ አይቼ ማወቅ ነበረብኝ።"

ልማዱ እንዲህ ነው፤ ኀዘንተኛ ባዶ ሆዱን መርዶ አይነገረውም። ብምል አታምነኝም፤ ምሎ ያልዋሸላት ዘመድ የለም። ተቆጣሁ፣ ደከመኝም። ከወንድሜ ከተለየሁ ጀምሮ በበሶ ብቻ ነበር የቆየሁት፤ ሽሮው ሸተተኝ። እጄን ሳልታጠብ ወደ መሶቡ ጎንበስ አልኩና መብላት ጀመርኩ። ያፍራል ሰው፤ እናቱ እንዲህ ሆና እሱ ይበላል? ግን አላቆምኩም። በትልልቁ እየጠቀለልኩ ጎረስኩ፣ አነቀኝ፣ ውኃ ጠጣሁበት፣ ደገምኩ። ቀና ስል ጉሮሮዬን እያየችው ነው። የጎረስኩትን ስውጥ ዓይኗ አብሮ ይወርዳል።

"ይወርድልሃልሳ" አለች።

አፌ ሞልቶ ስለነበር በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ተነሥታ እጇን ታጠበች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ከእንጀራው ጫፍ ቆረሰች።

"በል፣ አሁን ድምፁን ክፈትልኝ።"