ያልታጠበ ግብጦ

እዚህ ዐረብ አገር፣ ሺያህ በሚሉት ሰፈር፣ በጋሪ ቱርሙስ የሚሸጠው ጎረምሳ «ቅመስ፣ ያ ሐጅ» ብሎ አንድ ፍሬ ሰጠኝ። እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ገለባብጬ አየሁት፤ አሸተትኩት። ያኒ፣ ቱርሙስ የሚሉት የኛው ግብጦ ነው። እኔና ግብጦ ደግሞ የቆየ ቂም አለን።

ልጅ ሳለሁ መንዝ ውስጥ ማሳችን ደክሞ ገብስ እምቢ አለ። አጎቴ ከጎጃም አንድ ጆንያ ግብጦ አምጥቶ አባቴን «ይህን ዝራበት፤ የደከመ መሬት አይፈራም» አለው።

«በሬ የማይቀምሰውን ለልጆቼ?»

አጎቴ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፎ ምሬቱን ያስለቀቀውን አቀረበለት። አባቴ «አንተ ቅደም» አለው። አጎቴ በላ። አባቴ መቼ ይወድቃል እያለ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ያስመለሰው ግን እኔን ነው።

«ይኸው፣ መርዝ ነው። ጆንያህን ይዘህ ሂድ» አለ አባቴ።

ማሳው ዘንድሮም ጦሙን ሊያድር ሆነ። ጨነቀኝና «ከጆንያው ሰርቄ ያልታጠበውን በልቼ ነው» አልኩ።

አባቴ አፌን አስከፍቶ አየና ጆንያውን ከአጎቴ እጅ ተቀበለ። «ይሄ ሌባ ያልቻለውን ማን ይሰርቀዋል? ይዘራ።»

ማንንም የማያምነው አባቴ በዕድሜው ያመነው ሌብነቴን ብቻ ይመስለኛል።

ጎረምሳው «ትገዛለህ ወይስ ኸላስ?» ሲለኝ፣ እንዲሰፍርልኝ ነገርኩት፤ እጁን ግን አፍጥጬ እያየሁ።