መፈክራችን አባቴ ቤት ሲደርስ

የምንማርበት የጎንደሩ ኮሌጅ የተዘጋው እኛው ክፍል አንገባም ስላልን ነው። ከእኛ በፊት የተመረቁት ልጆች ዲፕሎማቸውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ እያየን፣ የነገው ዕጣችን ይኸው ነው ብለን አደምን። «ሥራ ለምሩቃን!» ብለን ጀመርን፤ ውሎ ሲያድር «መሬት ላራሹ!» ጨመርንበት። ፖሊስ መጣ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ሁሉም ወደየአገሩ ተባለ።

የልብ ጓደኛዬ የአርሲ ልጅ ነበር። አገሩ ሩቅ ስለሆነ ወገራ፣ እናትና አባቴ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ራት ላይ አባቴ «ምነው በግንቦት ትምህርት ተዘጋ?» ሲሉ ጓደኛዬ ጉርሻውን ትቶ ቆመ። ስለ ካፒታሊዝም መንኮታኮት ስብሰባ ላይ እንዳለ ሁሉ አስረዳ። በእሱ አገር ጭሰኛው የምርቱን እኩሌታ ለባለመሬቱ እንደሚያስረክብ ሲናገር ግን የስብሰባ ቃላቱን ተወ። አባቴ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ግፍ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መሬት ላራሹ፣ አያ! ያላረሰ መሬት አይኑረው!»

«ሸጋ! እኛ ዘንድስ ሁሉም የአባቱን ርስት ያርሳል። ይህ ልጅ ግን» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ተማሪ ቤት ከገባ ወዲህ እርፍ ጨብጦ አያውቅም። እንግዲያ ድርሻው ለወንድሞቹ ይሁን?»

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበና «በመርህ ደረጃ... አዎ» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ርስት እኮ በደም ነው! የቅድመ አያቴ መሬት ነው!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «አንተ ፊውዳል!»

እናቴ ግራ ገብቷቸው «ፊውዳል ስድብ ነው ወይስ ሹመት?» ሲሉ አባቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ጠዋት፣ ግማሹ እፍረት ግማሹ የርስቴ ነገር አስጨንቆኝ፣ በሬዎቹን ተከትዬ ወጣሁ። ጓደኛዬም ተከተለኝ። የእኔ ትልም ጠመመ። እሱ ሲቀበለኝ ደግሞ ማረሻው ድንጋይ ነክቶ ዘለለ፤ በሬዎቹ ዞረው አዩትና እየጎተቱት ወደ ሣሩ ሄዱ። ጎረቤታችን ከድንበር ማዶ «ዛሬ እባብ ነው እንዴ የሚያርሰው?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ያረስነውን ሁሉ እንደገና አረሱት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሁለተኛ አላድምም ብሎ የፈረመ መመለስ ይችላል የሚል ወሬ ደረሰን። ጓደኛዬ «መፈረም ክህደት ነው» ብሎ ተሟገተ። ነገም እርሻ አለ ሲባል ግን ተስማማ።

አባቴ የጎንደር ማኪና እስከሚያዝበት እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሸኙን።

«ልጄ፣ የነገርከኝ ግፍ እውነት ነው» አሉት። «ብቻ ትምህርትህን ጨርስ። እርሻውስ እንደማይሆንልህ አየነው።»

«ብጨርስስ ሥራው ከየት ይመጣል፣ አያ?»

«እሱንማ መንግሥትን መጠየቅ ነው እንጂ!»

ማኪናው መጣና ተሳፈርን። ጓደኛዬ የኮሶዬን መንደር እስክናልፍ በመስኮቱ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሶ «አባትህ ተምረው ቢሆን ኖሮ» አለኝ፣ «ከሁላችንም በፊት ይታሰሩ ነበር።»