የጋሼ እንድሪስ ሐቅ እኔ ዘንድ ነው

በመካነ ሰላም የመኪና ኤሌክትሪክ በመጠገን ለብዙ ዘመን ያገለገሉን ጋሼ እንድሪስ ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ሐሙስ ማረፋቸውን ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ትኖሩ ይሆናል። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። በቀብሩ ላይ የነበራችሁ ደግሞ እኔ የተናገርኩትን ሰምታችኋል። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው።

ጋሼ እንድሪስ አሰብ ወደብ ሲሠሩ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው የተመለሱ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ባትሪ ሞተብኝ ብሎ የመጣ ሾፌር ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ይፈታልኝ እያለ ሲጨቀጭቃቸው፣ እሳቸው መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ቀጥለው የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውኃ ያጥባሉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱን አብርተው በቴስተር ይለካሉ። «ባትሪውን ከመርገምህ በፊት ሽቦውን ተከተል» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ከላላ የማደርሰው በሽተኛ መኪናዬ ላይ ተኝቶ ሳለ ባትሪዬ ሞተብኝ። የቤታቸውን ሬዲዮ የሚያሰሙበትን ባትሪ ነቅለው ሰጡኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ዜና የሚሰማው በዚያ ሬዲዮ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳምንት ሙሉ ባትሪዬን መልስ አላሉኝም።

እኔ ከጅዳ ተመልሼ በገዛኋት አሮጌ ፒክአፕ ወደ ወረኢሉና ወደ ከላላ ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። አፌ ከእጄ ይፈጥናል። አንድ የገበያ ቀን የቻርጅ መብራቷ አልጠፋ ቢለኝ ወሰድኩላቸው። የዲናሞውን ካርቦን ቀየሩልኝና «ቆይ፣ የማሳው ሽቦ ቀርቶኛል፤ ልየው» አሉኝ። ማሳ የሚሉት ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ነው። ተሳፋሪ ይጠብቀኛል ብዬ ጥያቸው ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው መንገድ ላይ ሞተ። ደሴ ወስጄ ያሳየሁት አንድ ሠራተኛ «ይሄ የዚህ መኪና ዲናሞ አይደለም፤ ለውጠውብሃል» አለኝ። አመንኩት። ሌላ ዲናሞ አስገጥሜ ተመለስኩና መነኻሪያው ውስጥ፣ ሾፌር ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እንድሪስ ደህናውን ዲናሞዬን ወስዶ ውዳቂ ገጠመልኝ» አልኩ። አንቱታውን እንኳ ትቼዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሾፌሮች መኪናቸውን ሌላ ቦታ መውሰድ ጀመሩ።

ደሴ የተገጠመውም ዲናሞ አላዳነኝም። ባትሪው እንደገና ሲሞት መላ አጣሁና እያፈርኩ ወደ እሳቸው ተመለስኩ። «ግባ» አሉኝ። ከመኪናዋ ሥር ገብተው የማሳውን ሽቦ ፈቱት። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ከብሎኑ ሥር ግን ዝገት በልቶታል። ፍቀው መልሰው አሰሩት። ከዚያ ከወንበር ሥር ያስቀመጥኩትን የቀድሞውን ዲናሞ ተቀብለው ግራሶውን በቤንዚን ሲያጥቡት፣ እኔው ራሴ ወረኢሉ ያስበየድኩት የተሰበረ የብሎን ማሰሪያ ጆሮው ብቅ አለ። የገዛ ዲናሞዬ ነበር። ገጠሙት፤ ባትሪውም መሙላት ጀመረ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ለኔማ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለነሱ ንገራቸው» አሉኝ።

«ኢንሻ አላህ፣ የፊታችን ቅዳሜ ገበያ» አልኳቸው፤ እኔ ክርስቲያኑ። ቅዳሜ መጣ፤ የሰዉን ፊት ሳይ አፈርኩ። ሌላ ቅዳሜ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የመኪናዋን ደህንነት ይጠይቁኛል እንጂ ያንን ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔ ግን በመጠገኛ ሱቃቸው በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

በቀብሩ ዕለት ኢማሙ «በሟቹ ላይ ሐቅ አለኝ የሚል ካለ ይናገር፤ ወይም አውፍ ይበላቸው» ሲሉ የሾፌሮቹ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን የማወጣበት ሰዓት ያ ነበር። እኔ ግን «አውፍ ብያለሁ» አልኩ። በቁማቸው ሌባ ያልኳቸውን ሰው፣ አስከሬናቸው ፊት ቆሜ ይቅር አልኳቸው! ከመቃብሩ ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ደግ አደረግህ ልጄ፤ ለሞተ ሰው ይቅር ማለት ትልቅነት ነው» ብለው መረቁኝ።

ወገኖቼ፣ ጋሼ እንድሪስ የማንንም ዕቃ አልነኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያቻኮልኳቸውም፣ ስማቸውን ያጠፋሁትም፣ እያወቅሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መነኻሪያው መሀል ቆሜ በገዛ አንደበቴ አነበዋለሁ። የሚሰድበኝ ይስደበኝ።

ጋሼ እንድሪስ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ፤ አፈሩም ይቅለልዎ። በቀብርዎ ላይ ያልኳትን ቃል ስቤያለሁ፤ እርስዎን አውፍ የምል እኔ ማን ነኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ በሕይወት ቆይተው ዕድል ሰጡኝ፤ እኔ የመጣሁት ጆሮዎ መስማት ካቆመ በኋላ ነው። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ሳላውቅ እኖራለሁ። ደህና ይሁኑ።