እጁ ጆሮው ጋ እስኪደርስ

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ሳልፍ አንድ ጎረቤት የግቢውን በር ቀለም ያስቀባ ነበር። ቀቢው የያዘው ያን ቀዩን አንቲረስት ነው፤ ከዋናው ቀለም በፊት ብረቱ እንዳይዝግ የሚለቀለቀውን። ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ አፍንጫን ሰንፍጦ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ አለው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ሆዴ ባባና ቆምኩ። ቀቢው "እህቴ፣ የጠፋብሽ ሰው አለ እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው አፍሬ መንገዴን የቀጠልኩት።

በማግስቱ ደግሞ አንቺ ወዳጄ ደወልሽ። ልጆችሽን አዲስ አበባ፣ የልጆች መጫወቻ ቦታ ልትወስጃቸው እንዳሰብሽ፣ ትንሿ አልደረሰችም ይሆን ብለሽ እንደሰጋሽ ነገርሽኝ። "ልጅ በስንት ዓመቱ ቢሄድ ይሻላል?" አልሽኝ። "እኔ እንጃ" ብዬ አለፍኩሽ። እንጃ ያልኩት ጉዳዩን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። የማውቀው ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

አባቴ ወልቂጤ ውስጥ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በርና መስኮት የሚሠራበት የብየዳ ቤት ነበረው። ያን ሽታ ከልብሱም ከእጁም ከጸሎት መጽሐፉም አታጪውም ነበር። እሑድ እሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የዚያ ኮት ኪስ ውስጥ እንኳ ሜትር አይጠፋም። ደንበኛ መጥቶ "ከልኩ ትንሽ ቀንስልኝ፣ ማን ያየዋል?" ካለው "ሰው ይዋሻል እንጂ ሜትር አይዋሽም" ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ የተነሳ ሥራ የተወሰደበት ጊዜ አለ። ቅር ሲለው ግን አላየሁም።

ነገሩ የተጀመረው ስምንት ዓመቴ ላይ ነው። አጥር የሚያዋስኑን ከጎንደር ተዛውረው የመጡ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጃቸውን አዲስ አበባ ወስደው መጫወቻ ቦታ አሳይተውት ሲመለሱ፣ ልጁ ለአንድ ወር ያህል የሰፈሩ ንጉሥ ሆነ። እየዞሩ ከፍ ዝቅ የሚሉ የፕላስቲክ ፈረሶች እንዳሉ ነገረን። አንዱ ነጭ ነው፣ ኮርቻው ቀይ ነው አለን። እኔ ጥያቄ አላልቅ አለኝ። ፈረሱን የሚያዞረው ማነው? ሲዞር ይጮሃል? የተቀመጠ ሰው ራሱን አያዞረውም? የወደቀ አለ? መጀመሪያ መጀመሪያ ይመልስልኝ ነበር። በኋላ ግን ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ መስጠት ጀመረ። አፋጥጬ ስይዘው እውነቱን አወጣ፤ "ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አለኝ።

አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ፈረሱ ላይ ወጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ! እኔ ብሆን አንድም ጊዜ እንደማልጨፍን ምዬ፣ ማታ አባቴን እራት ላይ ያዝኩት።

"አባባ፣ እኛንስ መቼ ነው የምትወስደን?"

አባቴ ወንድሜን አየው። ወንድሜ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቆጮውን በሁለት እጁ ይዞ እየታገለ ነው። "የእሱ እጅ ጆሮው ጋ ሲደርስ፣ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን" አለኝ።

ይኼን ያንቺ ልጆች አያውቁትም። በእኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ለመግባት የልደት ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ለአባቴ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አልነበረም። ጆሮውን የነካ ልጅ ያየውን ያስታውሳል፣ ያልነካ ይረሳዋል፣ የሚረሳ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ መሄድ ደግሞ ድካም ነው።

እናቴ አልተዋጠላትም። "አንተ ሰው፣ ልጅቱን አሁን ውሰዳት። ሴት ልጅ እንደ ባሕር ዛፍ ናት፤ ዘወር ብለህ ስትመለስ ጣሪያውን አልፋ ታገኛታለህ" ስትለው ሰምቻለሁ። እሱ ግን አንዱን ወስዶ አንዱን ማስለቀስ በቤቱ እንደማይሆን ተናገረ። ለምን በዚህ እንደጸና እናቴ በኋላ ነግራኛለች። አባቴ በልጅነቱ ጉራጌ ገጠር፣ አረቅጥ አጠገብ ሲኖር፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ አጎቱ ታላቅ ወንድሙን ይዞ ሄደ። አባቴን "አንተ ገና ነህ" አሉት። መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ ከኋላ እያለቀሰ ሮጠ። ያ ልጅ አድጎ አባት ሲሆን፣ ገና ነህ ተብሎ የሚቀር ልጅ አይኖርም ብሎ ቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ የወንድሜ እጅ የእኔ ጉዳይ ሆነ። ጠዋት ከእንቅልፉ ሳይነቃ ክንዱን አንስቼ በራሱ ላይ አሻግረዋለሁ። መሃል አናቱ ላይ ትቆማለች። ወር ጠብቄ እሞክራለሁ፣ እዚያው ናት። ችግሩ እጁ አለማደጉ አልነበረም፤ ራሱም አብሮ ማደጉ ነው። ያ ልጅ ራስ ሲሰጠው አልተሰሰተበትም። አንድ ቀን በአባቴ ብየዳ ቤት ውስጥ ብረት የሚደገፍበት አግዳሚ አየሁና፣ የተንጠለጠለ ነገር ይረዝማል ብዬ አንጠለጠልኩት። እሱ ጨዋታ መስሎት ይስቃል፤ እኔ ከታች ሆኜ እቆጥራለሁ። እናቴ ደርሳ "የልጁን ትከሻ ልታወልቂው ነው?" ብላ በነጠላ ጫማዋ አባረረችኝ። አባቴ ሲሰማ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። የዚያን ተረት እንቁላል ምን ያህል ጠምጄው እንደነበር አትጠይቂኝ።

አራት ዓመት ሄደ። ሚሊኒየሙ ተከብሮ ባለፈ በዓመቱ፣ ባጃጅ ወልቂጤ ገብቶ ልጆች ከኋላው በሚሮጡበት ጊዜ፣ ወንድሜ አንድ ጠዋት ገና ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ጓዳ መጣ። እጁ በራሱ ላይ ተሻግሮ የመሃል ጣቱ ጆሮውን ይዟል። እንዳትለቅ አልኩት። በዚያው ሁኔታ እየመራሁ አባቴ ጋ ወሰድኩት። አባቴ ጣቱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየና "ደርሷል" አለ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠርን።

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርን። እናቴ ሱቋን የሚይዝላት ስለሌለ ቀረች። ብርቱካንና ዳቦ በፌስታል ቋጥራ፣ የእኔን ቀሚስ ወደ ታች እየጎተተች "ባለፈው ፋሲካ የተሰፋ ነው እኮ" ብላ ከራሷ ጋር አወራች። እኔ አልሰማኋትም። ሐሳቤ ፈረሶቹ ጋ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ውስጤ ግን ያቺ የስምንት ዓመቷ ልጅ ጥያቄዎቿን እንደያዘች ተቀምጣለች።

መጫወቻው ቦታ ስንገባ መጀመሪያ ያገኘኝ ምን መሰለሽ? የቀለም ሽታ። አዲስ የተቀባ ብረት። አዲስ አበባ መጥቼ የአባቴ ብየዳ ቤት ጠበቀኝ። ቀጥሎ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ፤ በእንጨት ላይ እንደ ጥጥ የሚጠቀለለው ነው። ሙዚቃው ከየአቅጣጫው ይደበላለቃል። ፈረሶቹ እውነትም ነበሩ። ነጩም ነበር፤ ኮርቻው ግን ሰማያዊ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የለ።

እኔና ወንድሜ ወደ በሩ ስንሮጥ አባቴ የለም። ዞር ስል፣ በዚያ በሙሉ ልብሱ በርከክ ብሎ የፈረሶቹን መቆሚያ ከሥር ያያል። ከማሽኑ ሠራተኛ ጋር ወሬ ይዘዋል። "የሚዞርበት ኩሽኔታ በስንት ጊዜ ግሪስ ይቀባል? ይቺን ብየዳ ማን ነው የሠራት? ጎበዝ ነው" እያለ ይጠይቃል፤ ፊቱ በርቷል። ፈረሱን የሚያዞረው ማነው የሚለው ጥያቄዬ ለካ ከእሱ የወረስኩት ነው። አራት ዓመት ጠብቀን፣ እዚያም ደርሰን ኩሽኔታ ታይቶ እስኪያልቅ ጠበቅን።

ከፈረሶቹ በር ላይ ቀጭኔ የተሣለበት ሳንቃ ቆሟል። በቀጭኔው አንገት በኩል ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ ፈረሱ ላይ ይወጣል፤ በላይ የሆነ ማዶ ወዳሉት ትልልቅ መጫወቻዎች ይሄዳል። ትኬት የምትቀበለዋ ወጣት ወንድሜን አሳለፈችው። እኔን ከሳንቃው አጠገብ አቆመችና "እሷ መስመሩን አልፋለች፣ ጋሼ። ማዶ ትሂድ" አለች።

አባቴ ያደረገውን ልንገርሽ። ሜትሩን አውጥቶ መጀመሪያ ሳንቃውን ለካ። "አንድ ሜትር ከአርባ። ልክ ነው" አለ። ቀጥሎ እኔን ለካ። አንድ ሜትር ከአርባ አራት። ሜትሩ ቃ ብሎ ገባ፤ አባቴ ግን ከእጁ አላስቀመጠውም። ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ የአጥሩን ብረት ይዟል። "ያለ እሷ አልወጣም" እያለ ማልቀስ ጀመረ። ማዶ ወዳሉት እኔ ብሄድ እሱ አይገባም፤ እዚህ እሱ ቢወጣ እኔ አልገባም። ሁለታችንን በአንድ ቀን ሊያስደስት አራት ዓመት የጠበቀው ሰው፣ አራት ሴንቲ መሃላችን ገብታ ቆመችበት። ፈረሶቹን አየ። እኔን አየ። እኔ አላለቀስኩም፤ ከንፈሬን ነክሼ ነጩን ፈረስ አያለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሰው ፊት ለፕላስቲክ ፈረስ አታለቅስም አይደል?

ያኔ አባቴ ጠጋ አለኝና ሰው እንዳይሰማው በጉራግኛ "ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊ" አለኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ለአንድ መስኮት አንድ ጣት ያህል የማይቀንሰው ሰው። ቀና ብዬ ሳየው ወደ ሌላ ቦታ ይመለከታል። በቀሚሴ ሥር ጉልበቴን አጠፍኩ። ትኬት ተቀባይዋ አየችን። አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ፣ በራሳችን ቋንቋ "ትንሽ ትጨምርበት፤ አሁንም ትታያለች" አለችው።

ልጅቷ የእኛው አገር ሰው ናት! አባቴ የሚገባበት ጠፋው። እኔ ግን ጨመር አድርጌ አጠፍኩና ገባሁ።

ነጩ ፈረስ ላይ ወጣሁ፤ ወንድሜ ከጎኔ ቡኒው ላይ። ማሽኑ ተነሳ። አልጨፈንኩም። ሁሉንም አየሁ፤ ከላይ በክብ የተሰለፉትን አምፖሎች፣ መሃል ላይ ያለውን መስታወት፣ በመስታወቱ ውስጥ የምትዞረውን እኔን። አባቴ አጥሩ ጋ ቆሞ በዞርን ቁጥር እጁን ያነሳል። በመጀመሪያው ዙር እኔም አነሳሁ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ግን አይስክሬም የያዙ፣ እኔን የሚያክሉ ሁለት ልጃገረዶች አጥሩ ጋ ቆመው ሲሳሳቁ አየሁ። በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። ያን ጊዜ ጉልበቴ ለምን አገጬን ሊነካ እንደደረሰ ታወቀኝ። ቀሚሴ ሰቅሎ እግሬ ታይቷል። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ሕፃናት ናቸው። አባቴ እጁን አነሳ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። በቀሪዎቹ ዙሮችም ቀና አላልኩም።

ወንድሜ ዛሬ ሐዋሳ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ስለዚያ ቀን ብጠይቀው ብርቱካኑን አውቶብስ ውስጥ እንደበላ ብቻ ያስታውሳል። ፈረስ ስለው "የት?" ይለኛል። እንዲያስታውስ ተብሎ የተጠበቀው እሱ ነው እንግዲህ። አንቺ ቁጥር ንገሪኝ ነው የምትዪው፤ እኔ ቁጥር የለኝም። ትንሿ ሳትፈራ በዓይኗ የምትጠይቅሽ ቀን ውሰጃት። ብትረሳውም አንቺ ትይዥላታለሽ።

ማታ ስንመለስ ወሊሶን ስናልፍ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ወንድሜ አባቴ ጭን ላይ ተኝቷል። እኔ መስኮቱን ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እንቅልፍ አልነበረም፤ ኩርፊያ ነው። በማን እንዳኮረፍኩ ግን እኔም አላውቀውም። የአውቶብሱ ሞተር ያጉረመርማል። አባቴ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ዘገየሁብሽ አይደል?" አለኝ።

ሰማሁት። ዓይኔን ከፍቼ አንድ ቃል ብመልስለት ይበቃው ነበር። የትኛው ቃል እንደሆነ ስላላወቅኩ ዓይኔን አልከፈትኩም። ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ልጁን እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ ኮቱን አወለቀና ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገልኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በአንድ ቤት ኖርን። ያን ጥያቄ ደግሞ አልጠየቀኝም፤ እኔም ያኔ ነቅቼ እንደነበር ሳልነግረው አባቴን ቀበርኩ።