የአቢ እናት ስም

ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር። «አይ፣ አሥራ ሁለትማ ሚካኤል ነው፤ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች» ትላለች ሊዲያ ይህን ታሪክ ባነሳች ቁጥር፣ ለራሷ ጮክ ብላ። አሥራ ሦስት ይሆናል። መዝነቡን ግን አትጠራጠርም፤ የእናቷ የፕላስቲክ ጫማ ጭቃ በወረዳው ኮሪደር ላይ ከበሩ እስከ አግዳሚ ወንበሩ ታትሞ ነበር።

እናቷ መታወቂያ አልነበራትም። የድሮዋ የቀበሌ መታወቂያ ከቀሚስ ኪስ ሳትወጣ ታጥባ እንደ ራሰ ዳቦ ፈራርሳለች። አቃቂ፣ ባቡር ሐዲዱ ጥግ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችን ሴት ማን መታወቂያ ይጠይቃል? የጠየቃት የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ነው። ታናሹ ልጇ አቢ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ባደረሰው አደጋ ተፈርዶበት እዚያ ገባ። መታወቂያ ያልያዘ ጠያቂ ደግሞ አያልፍም። ሊዲያ ስንቁን ይዛ ትገባለች፤ እናትየው አጥሩ ሥር፣ ከውኃና ሶፍት ሻጮቹ ጋር ቆማ ትጠብቃታለች። ስትወጣ ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ከሳ?»

«አልከሳም፣ እማዬ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!»

ወረዳው የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የቀድሞውን መታወቂያ አምጡ አለ። ሁለቱም ለሌለው፣ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ሰዎች ቀርበው ይመሰክሩለት። እናትየው ሳቀች።

«ሦስት ብቻ? እድሩን ነቅዬ አመጣለታለሁ!»

የእድሩን ሰብሳቢ ጋሽ ፀሐዩንና ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ሄደች። ዘካሪያስ የሚባለው ወጣት ሠራተኛ ምስክሮቹን አንድ በአንድ አስገባ። የቢሮው በር ገጥሞ ስለማይዘጋ ሊዲያ ሁሉንም ከውጭ ትሰማለች።

«የሴትየዋ ሙሉ ስም ማን ነው?»

«የሳህሌ ባለቤት ናታ!» አሉ ጋሽ ፀሐዩ።

«ስማቸውን ነው፣ አባቴ።»

«ነገርኩህ እኮ! ሳህሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡሩ...»

ሁለተኛዋ ገባች። «የአቢ እናት» አለች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ሦስተኛዋ ትንሽ አሰበች። «እኔ እቴቴ ነው የምላት። ቆይ... የሺ ምናምን ነው። የሺእመቤት?»

ዘካሪያስ ወጣ። «ማዘር፣ ሰዎቹ የመሰከሩት ለባልዎና ለልጅዎ ነው። እርስዎን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ።»

ሊዲያ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። እስከ ገበያው ድረስ ክንዷን አልለቀቀችም። ከዚያ ድንገት ቆመች።

«ጡሩምባ ነፊው ‹የሳህሌ ባለቤት አረፈች› ብሎ ሊቀብረኝ ነበር እኮ!» አለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ ሊዲያ አልለየላትም። የደነገጠችው ግን በራሷ ነው። ከ«እማዬ» ሌላ እሷስ በምን ጠርታት ታውቃለች?

በማግስቱ እናትየው ማንንም ሳታማክር ወደ ናዕማ ሱቅ አመራች። ናዕማ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ የስልጤ ሴት ናት፤ ሁለቱ በልጅነታቸው ክር ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ፈትለዋል። ነገሩን ስትሰማ የመለኪያ ሜትሯን ባንኮኒው ላይ ጣለችው።

«የሺሐረግ ወልደሰንበት አትታወቅም? በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሐል ስምሽን ስጠራ ጉሮሮዬ ያለቀው እኔ! ቆይ፣ ቃልቤሳን እጠራዋለሁ፤ የፋብሪካውን መካኒክ። ጋሽ ቢቂላም አሉ።»

«የበሩ ዘበኛ? በሕይወት አሉ እንዴ?»

«አሉ እንጂ። ዓይናቸው ነው የደከመው እንጂ ምላሳቸውማ እንዳለ ነው።»

ናዕማና ቃልቤሳ ቢሮ ገብተው ስሟን ከነአባቷ ተናግረው ወጡ። ቀሩ ጋሽ ቢቂላ። ሞራ የጋረደውን ዓይናቸውን ወደ ዘካሪያስ ድምፅ አዞሩ፤ እሳቸውም ስሙን ሳይደናቀፉ ተናገሩ።

«እሺ፣ ከውጭ ከተቀመጡት ሴቶች የትኛዋ ናቸው?»

«እኔ ምን አያለሁ ልጄ?»

«ታዲያ እሳቸው መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?»

ሊዲያ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አለች በልቧ።

«እኔ በፊትም መልክ አይቼ አላስገባም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «የሌሊት ተረኛ በጨለማ ነው የሚገባው። እጠራለሁ፤ ‹አቤት› ያለ ይገባል። ሌላ ሰው በጓደኛው ስም ‹አቤት› ቢል ግን ድምፁን ለይቼ እመልሰው ነበር።» ግድግዳውን እየዳበሱ በሩ ጋ መጡ። ከዘራቸውን ደገፍ አድርገው ቀጥ አሉና ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ተጣሩ።

«የሺሐረግ ወልደሰንበት!»

እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያፍተለተለች ነበር። ጉልበቴን ያመኛል የምትለዋ ሴት ተፈናጥራ ቆመች።

«አቤት!»

ባለጉዳይ ሁሉ ዞረ። የልጃገረድ ድምፅ ነበር፤ ሊዲያ በእናቷ ጉሮሮ ውስጥ ሰምታው የማታውቀው። የጋሽ ቢቂላ ፊት በፈገግታ ተጨማደደ።

«ራሷ ናት! የሌሊቱ ዘፋኝ! በእረፍት ሰዓት ሠራተኞቹን እንቅልፍ ሲጥላቸው ታንጎራጉርላቸው ነበር፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እሰማታለሁ። አሁንም ትዘፍኛለሽ?»

«ኧረ ጋሽ ቢቂላ፣ ይተዉኝ!» አለች፤ ጉንጯ ግን ቀላ።

ዘካሪያስ እየሳቀ ማኅተሙን አነሳ። «ይበቃል፣ ይበቃል። ማዘር፣ ለፎቶ ይግቡ።»

መታወቂያውን ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀብላ ስሟን ከፊደል ፊደል አነበበች። ሰፈር ሲደርሱ ጋሽ ፀሐዩ ከበራቸው ላይ ጮኹ።

«የአቢ እናት፣ ተሳካ?»

«የሺሐረግ ወልደሰንበት ይበሉኝ።»

«እንዴ!»

«ይበሉኛ!»

«የሺሐረግ... ወልደሰንበት» አሉ፣ እንደ ተማሪ። እናትየው እንደ አስተማሪ ራሷን ነቀነቀች።

እሑድ ጠዋት ሊዲያ እስክትለብስ እናቷ ስንቁን ቋጥራ፣ መታወቂያውን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ አስፋልቱ ዳር ደርሳለች። ሊዲያ ሮጣ ወጣች። ሌሊቱን በሙሉ አንድ ጥያቄ ሲመላለስባት አድሯል፤ ምን ነበር የምትዘፍኝላቸው?

«ቃሊቲ! ቃሊቲ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ።

«እማዬ! ቆዪ፣ አብረን—»

«አንቺ በሌላው ነይ! ዛሬ ራሴ አየዋለሁ!»

ጋቢና ገብታ በሩን ደረገመችው። «የሺሐረግ!» ብላ ጮኸች ሊዲያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። በመስኮቱ አንድ እጅ ወጥቶ ተውለበለበ፤ ታክሲውም ሄደ።