ዊንቹ የሠራበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስድስት ፎቶ በስልኬ ላከልኝ። ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ገጠር ለገጠር የሚያዞር ሥራ ይሠራል፤ ለዚሁ ብሎ አንዲት ትንሽ ጂፕ ገዝቷል። ፎቶዎቹ የዊንች ናቸው፤ መኪና ጭቃ ሲይዘው ከፊቱ ገመድ ዘርግቶ ራሱን የሚያወጣበት መሣሪያ ማለት ነው። «ጋሼ፣ ሪሞት ያለውም አለ፤ የትኛው ይሻለኛል?» ይላል። ወዲያው መለስሁለት። መኪናህ ትንሽ ናት፣ ከባዱ አፍንጫዋን ይደፋታል፣ ቀላሉን ውሰድ፤ ገመዱን የምታስርበት ካስማም አብረህ ግዛ አልሁት። አውራ ጣት ላከልኝ። እኔ ግን ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ። ዝናብ ያካፋ ነበር። የረጠበ አፈር ሲሸተኝ ያለሁበትን ዓመት እረሳለሁ፤ ድሮም እንዲሁ ነኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከጨረታ የገዛኋት፣ አንዱ በሯ በሽቦ የሚታሰር ትንሽ ጂፕ ነበረችኝ። በእሷ ከንፋስ መውጫ ወገዳ፣ ከወገዳ እስቴ እየተመላለስሁ ሰውም፣ ጨውም፣ ስንዴም እጭናለሁ። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ዋልካ ነው፤ ያ ጥቁር አፈር ጎማ ከያዘ በልመናም አይለቅም።

የኔታ ከወገዳ ወጣ ብሎ አንዲት ጎጆ ውስጥ ይኖሩ ነበር። መሪጌታ ናቸው፤ በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓውን፣ ከጨረስሁ በኋላ ድጓውን ጀምሬ ሳልዘልቀው ወደ አስኳላ ኮበለልሁ። ከዚያ መሪ ጨበጥሁ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር።

«ቤተ ልሔሞች ጠርተውኛል» አሉኝ። «የደብረ ዘይት ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ጾመ ድጓውን እኔ እንድመራ። ድጓ ያስመሰከርሁት እዚያ ደብር ነው። ግን ልጄ፣ አሁን አሁን ከመሐል ይጠፋኛል።»

«እርስዎ? የኔታ?»

«ይጠፋኛል አልሁህ። በመኪናህ ውሰደኝና ከኋላዬ ቁም። የምተነፍስበትን የምታውቅ አንተ ነህ። ሲጠፋኝ ቀስ ብለህ ታቀብለኛለህ።»

በጾም ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ የሰው ድምፅና መቋሚያ ብቻ ነው። የተሳሳተ ሰው የሚደበቅበት ነገር የለውም። በዚያ ላይ ቤተ ልሔም ነው፤ እዚያ የሚቆመው ሁሉ ዜማ አዋቂ ነው። የኔታ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ለምነውኝ አያውቁም። እሺ አልኋቸው።

በልጉ ቀድሞ ገባ። ለመንገዱ ዊንች ያስፈልገኛል ብዬ ንፋስ መውጫ የመለዋወጫ ሱቅ ወዳላቸው ወደ ሐጂ እንድሪስ ሄድሁ። ሁለት ነበራቸው። አንዱ በእጅ የሚወዘወዝ፣ ተራ፣ ከአራት የብረት ካስማ ጋር። ሌላው በባትሪ የሚሠራ፣ ትልቅ፣ ቀይ ቁልፍ ያለው። ሦስት የገበያ ቀን ተመላለስሁ። አንዱን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ሐጂ ጾመኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ሻይ አያቀርቡልኝም።

«ይቺ ፍየል ናት» አሉኝ በመጨረሻ፣ ጂፔን በአገጫቸው እያሳዩ። «ይሄ ደግሞ የበሬ ቀንበር ነው። ትደፋብሃለች።»

«ጉልበት መቼ ይበዛል ሐጂ?»

«ገመዱንስ ከምን ታስረዋለህ?»

«ከዛፍ ነዋ!»

«በዚያ ሜዳ?» ብለው ሳቁ። «በል የእጁን ውሰድ። ካስማ አለው። ወንድሜ ብትሆንም የምመርጥልህ እሱን ነው።»

ካስማው የበቅሎ ማሰሪያ መሰለኝና ናቅሁት። እውነቱን ልናገርና፣ የወደድሁት ቀዩን ቁልፍ ነበር። በአካባቢው ማንም እንደዚያ ያለ አልነበረውም። ያን ሰሞን በሕልሜ የጉናን ተራራ ጎትቼ ወገዳ አጠገብ አቆምሁት፤ ሰዉ ብርዱን አመጣህብን ብሎ ሲጮህብኝ ነቃሁ። በማግስቱ ትልቁን ገዛሁት። ሲገጠምላት ጂፗ አንገቷን ደፋች፤ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣን። ጉሙ ከገብሱ ቡቃያ ላይ ገና አልተነሣም፤ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ መንገዱ በእንቅልፍ ልብ የሚሄዱበት ዓይነት ነበር። የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው የዕለቱን ዜማ በለሆሳስ ይሉታል። ሁለት ጊዜ ጠፋቸው፣ ሁለት ጊዜ አቀበልኋቸው፤ ሁለቴም ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሙገሳ ያገኘሁ አይመስለኝም።

ቤተ ልሔም ለመድረስ በበቅሎ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ሲቀረን ዋልካው ያዘን። ከፊት የከበደችው መኪና እስከ መብራቷ ሰመጠች። ወረድሁና ዙሪያዬን አየሁ። እርሻ፣ እርሻ፣ ደግሞ እርሻ። ከአንዱ ማሳ ዳር ብቻ ለጋ ባሕር ዛፎች ተሰልፈዋል። የብረት ገመዱን ካንዱ አስሬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንሁ። ገመዱ ተወጠረ፣ ሞተሩ አጓራ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ዛፉ ግን ከነሥሩ ተነቅሎ እየተንፏቀቀ ወደ እኛ መጣ።

«ወጣን?» አሉ የኔታ ከውስጥ።

«የለም የኔታ። ዛፉ ነው የመጣ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ወዲያው ባለ ዛፉ፣ አያ ተገኘ የሚባል ገበሬ፣ ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ። «ማነው እሱ ለጎጆዬ ያልሁትን እንጨት የሚነቅል?» እያለ ቀርቦ የኔታን ሲያይ ዱላውን ጥሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ነገሩን ስንነግረው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«በቅሎ አለችኝ። አሁን ከተነሣን ይደርሳሉ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተም ና። መኪናህን ማን ይነካታል? ወንድሞቼ ይጠብቋታል።»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር። እግሬ ደህና፣ መንገዱ የሁለት ሰዓት፣ የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው የምለውን እየጠበቁ ነው። እኔ ግን ዊንቹን ሲሠራ ሳላየው መሄድ አቃተኝ። ዛፍ ነቅሎ የቀረ ዊንች ባለቤት ሆኜ መሄድ አፈርሁ።

«ቅደሙ» አልኋቸው። «በቅሎ ትራመዳለች፣ መኪና ይሮጣል። መንገድ ላይ እደርስባችኋለሁ።»

«ድረስ ብቻ፣ ልጄ» አሉኝ የኔታ።

ከአያ ተገኘ ወንድሞች አንደኛው ብልህ ሰው ነበር። የተነቀለውን ዛፍ ግንድ ቆርጦ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ አጋድሞ መቅበርና ገመዱን ከወገቡ ማሰር እንደሚሻል ነገረን። ቆፈርን። ውሃ ሞላብን፣ ደግመን ቆፈርን። ላቤ ከጭቃው ጋር ተቀላቀለ። በመጨረሻ ቁልፉን ስጫን ገመዱ አቃሰተ፣ የተቀበረው ግንድ ጸና፣ ጂፗ ቀስ እያለች እንደ ጥጃ ከጭቃው ተወለደች። እልል አልን፤ ተቃቅፈን ዘለልን። ጾሙን ረስቼ ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ ቃምሁ። ያን ሰዓት የተሰማኝን ደስታ አልክደውም፤ ትልቅ ደስታ ነበር። ቀና ስል ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ ዘንበል ብላለች።

ስደርስ ዜማው አልቆ ቅዳሴ ገብቷል። ግቢው ጸጥ ብሏል። የኔታ ከአንድ ጥድ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ልቅሶ እንደ ጨረሰ ሰው ፊታቸው ረጭ ብሏል። ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉ።

«ወጣችልህ?»

«ወጣች፣ የኔታ።»

«ተመስገን። ሰማኸኝ?»

አፌን ከፈትሁ። «ሰማሁ» አልሁ።

«የት ላይ ሳትሁ?»

«የትም አልሳቱም።»

«እሺ» አሉ። ወገዳ መልሼ ደጃፋቸው ላይ አወረድኋቸው። በሐምሌ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ የነበሩትን ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አያ ተገኘ ዜማ አያውቅም፤ «መልአክ የዘመረ መሰለኝ» ብቻ ነው የሚለው። አንድ መሪጌታ ምንም አልተሳሳቱም ብሎ ምሎልኛል። ያኔ ዲያቆን የነበረ ሌላ ሰው ግን፣ ከመሐል ላይ ቆም አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ትንሽ ጠበቁና ሌላ ሰው ተቀበላቸው አለኝ። የት ላይ? ስለው አላስታወሰውም።

ዲያቆኑ ልክ ከሆነ የኔታ «ሰማኸኝ?» ሲሉኝ አለመኖሬን ያውቁ ነበር። እውነቱን እንድናገር ዕድል እየሰጡኝ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ይህን ሳስብ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ፊቴን እፍረት ያቃጥለዋል።

የት ላይ እንደ ጠፋቸው አላውቅም። ስለዚህ በየዓመቱ ያ ሐሙስ ሲመጣ በሬን ዘግቼ የዕለቱን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳልዘል፣ ቀስ ብዬ እለዋለሁ። የጠበቁኝ ቦታ ላይ መድረሴ አይቀርም።